የውሃ ጉድጓዱ ሲበላሽ ማን ይከፍላል? የተቀላቀለ መንደርና የጋራ ንብረት

በገበሬ ማኅበር መሪነት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። የእጅ ፓምፕ የተተከለለት ጉድጓድ በሚመረቅበት ዕለት ይጨፈራል፣ ይመረቃል። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ጎሚኒው ይበላል፣ ዘንጉ ይሰበራል፤ ለመለዋወጫ መግዣ መዋጮ ይጠየቃል። ግማሹ ይከፍላል፣ ግማሹ «ነገ» ይላል። ያልከፈለውን ለመገሠጽ የሚነሣው ማን ነው? ያልከፈለው የአጎት ልጅ፣ የዕድር አባል፣ ወይም አበ ልጅ ከሆነ ነገሩ አንድ ምሽት ቡና ላይ ያልቃል። ያልከፈለው ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ ሌላ ቤተ እምነት የሚሄድ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረ ከሆነ ግን ገሣጩ ሁለት ጊዜ ያስባል። «በዘር አይቶኝ ነው» እንዳይባል ይፈራል፤ ዝም ይላል። ውሃው በምድር ውስጥ እያለ ሴቶቹ ወደ ወንዝ መውረድ ይጀምራሉ።

ይህን ጉዳይ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የመፈናቀልን ቁጥር በሚይዙ ዓለም አቀፍ መዝገቦች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ መፈናቀል ተመዝግቧል። ከተፈናቀለው ሕዝብ ብዙው በመጠለያ ጣቢያ የቆየ ሳይሆን በየቀበሌው ከነባሩ ነዋሪ ጋር ተዳብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ «ቀበሌያችን አንድ ወገን ነው፣ ይህ እኛን አይመለከተንም» የሚል መሪ ካለ የቤቱን ቁጥር እንደገና ቢቆጥር ይሻለዋል።

የተለያዩ ወገኖች በአንድ ቦታ መኖራቸው በጋራ ሥራ ላይ ምን ያስከትላል የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ተመርምሯል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በጎረቤታችን በኬንያና በታንዛኒያ ገጠሮች የተካሄደው ነው። ምክንያቱም ጥናቱ የሚያነሣው የከተማን ጉዳይ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤት ጠረጴዛና ስለ ውሃ ጉድጓድ ነው።

ቡሲያ በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ከኡጋንዳ ድንበር ጋር የሚዋሰን የገበሬ አገር ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሉህያ ሲሆን ቴሶና ሉዎም ይኖሩበታል። አንዱ መንደር ከሞላ ጎደል የአንድ ወገን ነው፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ደግሞ ሌላው የሁለትና የሦስት ወገን ሆኖ ይገኛል። መሬቱ፣ ዝናቡ፣ ድህነቱም ተመሳሳይ ነው። ኤድዋርድ ሚጌልና ሜሪ ኬይ ጉገርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን መንደሮች ትምህርት ቤቶችና ጉድጓዶች አወዳደሩ።

በጥናቱ ዘመን በኬንያ የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነበር። ክፍሉን የሚሠራው፣ ጠረጴዛውንና ጠመኔውን የሚገዛው ግን የወላጅ መዋጮና «ሐራምቤ» የሚባለው የኅብረት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። (የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ በኬንያ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።) ተመራማሪዎቹ ያገኙት ውጤት ግልጽ ነበር። በመጠኑ የተቀላቀለ አካባቢ ያለው ትምህርት ቤት ከአንድ ወገን አካባቢ ትምህርት ቤት ጋር ሲነጻጸር ከነዋሪው የሚሰበስበው ገንዘብ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ጠረጴዛው ያንሳል፣ ክፍሉም ይከፋል። የውሃ ጉድጓዱም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ኬንያ ተቆፍረው ጥገናቸው ለነዋሪው ከተተወላቸው ጉድጓዶች ውስጥ እስከ 2000 ድረስ ግማሽ ያህሉ ተበላሽተው ነበር፤ በተቀላቀሉት መንደሮች ያለው አያያዝ ደግሞ ከሌሎቹ የባሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ቁጥር ነው። ለማኅበር መሪ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው የቃለ ጉባዔው ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ የትምህርት ቤቶቹን ኮሚቴዎች ቃለ ጉባዔ እየገለጡ አነበቡ። በአንድ ወገን አካባቢ ባሉት ትምህርት ቤቶች መዝገብ ላይ ባልከፈለ ወላጅ ላይ የተሰነዘረ ወቀሳና የተወሰደ እርምጃ ደጋግሞ ተጽፏል። በተቀላቀሉት ዘንድ ይህ ዓይነቱ ነገር አነስተኛ ነው። እንግዲህ ችግሩ የገንዘብ እጥረት አልነበረም። የጎደለው ያልከፈለውን ፊት ለፊት «ክፈል» የሚል ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ «ስለሚጠላሉ ነው» ይላል። ጉዳዩ ሲመረመር ግን የሚታየው ሌላ ነው። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ሙላጎ ኪየባንዶ በተባለ የድሆች ሠፈር፣ አራት ተመራማሪዎች ነዋሪዎችን በገንዘብ ክፍፍል ጨዋታ ፈተኗቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ማን እንደሰጠ በማይታወቅበት ጊዜ ሰዎቹ ለራሳቸው ወገንም ለሌላውም ያላቸው ደግነት ያን ያህል የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው ሰጪው በሚታይበት ጊዜ ነው። በሚታይበት ጊዜ በተለይ ስለ ራሱ ጥቅም ብዙ የሚጨነቀው ሰው ለራሱ ወገን መልካም ሆነ፤ ነገ ይጠየቃልና። በሌላ ሙከራ ደግሞ አንድን የሠፈሩን ነዋሪ ፈልገው እንዲያመጡ ሰዎች ተላኩ። የተፈላጊው ወገን የሆነ ሰው ከሌላው ወገን ይልቅ ፈላጊነቱ ቀናው፤ የማንን በር እንደሚያንኳኳ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃልና።

ይህ ለእኛ ገጠር እንግዳ ነገር አይደለም። «እገሌ መዋጮውን ሳይከፍል ጠፋ» ሲባል ሚስቱ የማን ልጅ እንደሆነች፣ በሬውን የት እንዳሠማራ፣ በየትኛው ገበያ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል። የማያውቅ አያገኘውም። ስለዚህ በመንደሩ ውስጥ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአንዱ ወገን ቤት ወደ ሌላው ወገን ቤት የሚያደርሰው መንገድ።

ወደ ታንዛኒያ እንሻገር። ሜአቱ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ የገበሬና የከብት አርቢ አገር ነው። እዚያም ሱኩማዎች ይበዛሉ እንጂ ሌሎች ልዩ ልዩ ወገኖች አብረው ይኖራሉ። ሚጌል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ቡሲያንና ሜአቱን ጎን ለጎን አቆማቸው። ሁለቱም የእንግሊዝ ግዛት የነበሩ፣ ሁለቱም ድሆች፣ ሁለቱም የተቀላቀሉ ናቸው። ሆኖም በሜአቱ የተቀላቀሉት መንደሮች ለትምህርት ቤትና ለጉድጓድ ከቡሲያ የተቀላቀሉ መንደሮች በግልጽ የተሻለ ሠርተዋል፤ በሜአቱ መቀላቀሉ መዋጮውን ሲያጎድለው አልታየም። መቀላቀል በራሱ መዋጮን የሚገድል ቢሆን ኖሮ በሁለቱም አገር ይገድል ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከነጻነት በኋላ በተሄደበት መንገድ ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1963 ባላባቶችን ከአስተዳደር አወጣች፤ ስዋሂሊን የመንግሥትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ አደረገች፤ በምርጫ የሚቆም የመንደር ምክር ቤትም አቋቋመች። የመንደሮች ሕጓ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ እኛም የገጠር መሬት አዋጅ አውጀን የገበሬ ማኅበራትን ማቋቋም የጀመርነው በዚያው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ኬንያ ግን ሹማምንትን በቅኝ ገዥዎቹ ሥርዓት መሾሟን ቀጠለች፤ የፖለቲካው ፉክክርም በወገን ላይ ቆመ። በታኅሣሥ 2007 (እ.ኤ.አ.) ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ስዋሂሊ ለብዙው ታንዛኒያዊ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ለሱኩማውም ለሌላውም ሁለተኛ ቋንቋው ነው። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሁሉም እኩል እንግዳ ሆኖ ይናገራል ማለት ነው። ይህ ብዙ አገር ያላገኘው ዕድል ነው፤ እኛም አላገኘነውም።

ነገር ግን የታንዛኒያን ምሳሌ እንዲሁ እያወደሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ከ1973 እስከ 1976 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የመንደር ማሰባሰብ ዘመቻ ሚሊዮኖች ከነባር ቀያቸው ተነሥተዋል፤ ብዙዎች የተነሡት በግድ ነው፤ በአንዳንድ ቦታም የቀድሞ ቤታቸው እንዳይመለሱበት ተቃጥሏል። እርሻውም ተጎድቷል። ገበሬው በአንድ ስብሰባ ላይ ከባዕድ ጎረቤቱ ጋር መቀመጥን የተማረው በዚህ ዋጋ ጭምር ነው። «አንድነትን እንደ ታንዛኒያ» የሚል ሰው ካጋጠመ፣ የትኛውን የታንዛኒያ ነገር ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የወሰን ነገር ሲነሣ ሌላም አስተማሪ ጉዳይ አለ። ቼዋና ቱምቡካ የተባሉ ሁለት ሕዝቦች ቅኝ ገዥዎች ባሰመሩት የማላዊና የዛምቢያ ድንበር ግራና ቀኝ ይኖራሉ። ቋንቋቸው፣ ልማዳቸው፣ አበላላቸው ከድንበሩ በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ዳንኤል ፖስነር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፈው ግን በማላዊ ሁለቱ እንደ ባላንጣ ይተያያሉ፤ በዛምቢያ እንደ ወንድማማች። በማላዊ ሁለቱም በቁጥር ትልቅ ስለሆኑ ለሥልጣን የሚሽቀዳደም ሰው ይፈልጋቸዋል። በዛምቢያ ሁለቱም ትንሽ ስለሆኑ በአንድ የምሥራቅ ጎራ ሆነው ይቆጠራሉ። ጠቡ በልማዱ ውስጥ የተቀበረ ነገር ቢሆን ኖሮ ከድንበሩ ወዲያም ይከተላቸው ነበር።

በበለጸጉት አገሮችም ይኸው ክርክር አለ። ሮበርት ፑትናም የተባለ አሜሪካዊ ወደ 30,000 ሰዎች ጠይቆ በተቀላቀሉ ሠፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ሌላውን ቀርቶ የራሳቸውንም ወገን አያምኑም ሲል እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተመ። በኋላ ያንኑ መረጃ እንደገና የመረመሩ ሰዎች ለአለመተማመኑ ድህነትና የነዋሪው ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። ለገጠራችን ከዚህ ክርክር ብዙ የሚገኝ አይመስልም።

ከሕንድ የሚገኘው ይሻላል። አሹቶሽ ቫርሽኒ ሂንዱና ሙስሊም አብረው የሚኖሩባቸውን ከተሞች ጥንድ ጥንድ አድርጎ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 መጽሐፍ አወጣ። አሊጋር የተባለችው ከተማ ግጭት ይመላለስባታል፤ ካሊከት ግን ሰላም ናት። በካሊከት የነጋዴው፣ የሠራተኛውና የአንባቢው ማኅበራት ሁለቱን ሃይማኖት ቀላቅለው የያዙ ናቸው። አሉባልታ ሲነሣ በአንድ ሌሊት ደውለው፣ ተገናኝተው የሚያጠፉት እነዚህ ማኅበራት ናቸው። ሰላምታ መለዋወጥ፣ በበዓል ቀን መጠያየቅ ለመንደር ሊበቃ ይችላል፤ ሰው በበዛበት ቦታ ግን አይበቃም፤ አብሮ ገንዘብ የሚያስቀምጥ፣ አብሮ የሚከስርና የሚያተርፍ ማኅበር ያስፈልጋል ይላል። የእኛ ቀበሌዎች እየሰፉና ወደ ከተማነት እየተጠጉ ሲሄዱ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ልዩነት ሲባል ሁልጊዜ የቋንቋና የሃይማኖት ልዩነት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ሌላው ስሕተት ነው። ለዚህ ከመንዝ የተሻለ ምስክር የለም። በሰሜን ሸዋ የጓሳ ሜዳ ሕዝብ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ በሃይማኖቱም የተለያየ አይደለም። ሆኖም ለብዙ መቶ ዓመታት የጓሳውን ሣር የሚያጭደው «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት መሠረት የቀደምት አባቶች ዘር መሆኑን መቁጠር የሚችል ሰው ብቻ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘሮች በየፊናቸው አለቃ መርጠው ሜዳውን ያስጠብቁ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆያል፤ ሲደርስ ቀኑ ይነገራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። ከቀኑ በፊት የገባ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሜዳው የተጠበቀው በዚህ ነው። ዘሩን መቁጠር ያልቻለው ጎረቤት ግን ቤቱን የሚከድንበት ሣር ከሌላው ይገዛል ወይም ይለምናል።

የ1967ቱ አዋጅ ይህን ሻረ። አዋጁ ወንድ ሴት ሳይል በገዛ እጁ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲደለደል ያዘዘ ስለሆነ በዘር ላይ የቆመ መብት ሊቆም አልቻለም። ሜዳው ለገበሬ ማኅበራቱ ተላለፈ፤ ተከልክሎ የኖረውም ገባበት። ፍትሑ ትክክል ነበር። ሣሩ ግን ተጎዳ፤ የመከልከያው ጊዜ አጠረ፣ ጥበቃው ላላ። የቀድሞዎቹ ባለመብቶች «የአባቶቻችን ሜዳ ጠፋ» አሉ። አዲስ ገቢዎቹ ደግሞ ነገ ተመልሶ ይወሰድብናል ብለው ስለሰጉ ዛሬ ያገኙትን አጨዱ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ጥፋቱ የሰው መብዛት ብቻ አልነበረም፤ አሮጌው ደንብ ከአሮጌው መብት ጋር አብሮ ሲፈርስ በምትኩ ወዲያው የቆመ ደንብ አለመኖሩ ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማኅበር መሪዎች በጣም የሚጠቅም ነው። በሜዳው ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን አውጥተው አንድ የጋራ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። መከልከልና መክፈት፣ ጠባቂ መመደብ፣ መቅጣት እንደገና ተጀመረ። አሁን የሚታየው መለኪያ የአባት ስም ሳይሆን የቀበሌ ነዋሪነት ነው። ጓሳ ዛሬ በሕዝብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ የታወቀ ሲሆን ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል። ከቄሮ የተወሰደው አጠባበቁ ነው፤ የተተወው ማግለሉ ነው። ሁለቱን መለየት ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ሌላው መጥፎው ምሳሌ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረሃብ ምክንያት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። በመተከል የበለስ ሸለቆ ከሠፈሩት ጋር የጉሙዝ ሕዝብ ሲገናኝ፣ «ባዶ» ተብሎ የተመነጠረው መሬት የጉሙዝ ገበሬ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር። ማንም አላማከረውም። መጤውም ቢሆን ብዙው የመጣው ወዶ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ወደው ያላደረጉትን መቀላቀል ተሸክመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በርካታ ዓመታት አልፈዋል፤ በገበያ መገናኘት፣ እህል መለዋወጥ፣ መዛመድም ነበር። ሆኖም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙ አሥር ሺዎችም ተፈናቅለዋል። ለዚህ ግጭት መነሻው ሠፈራው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የፖለቲካ ውድድርና የጦር መሣሪያ መብዛትም አለበት። ነገር ግን መሬቱ የማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሸንጎ ያልተነገረበት ቦታ ላይ ነገሩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ክፍት የተተወን ነገር ደግሞ የሚጠቀምበት አይጠፋም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው በየስብሰባው ይጠቀሳል። ድሩን ማን እንደሚያደራው ግን አይነገርም።

የሚያደራው ብዙ ጊዜ ዕድር ነው። ዕድር በከተማ የተስፋፋው ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ቦታ ቀባሪ እንዳያጣ ነው። ደንቡ ተጽፎ፣ አባሉ ተመዝግቦ፣ መዋጮው ተቆርጦ፣ የቀረ ቅጣቱን ከፍሎ ይኖራል። ሊቀ መንበሩ ያልከፈለውን ሲጠይቅ «በዘር አይቶኝ ነው» የሚል አይሰማም፤ ከእርሱ በፊት የተጠየቁት ስም በመዝገቡ ላይ በተራ ይታያልና። በቡሲያ የተቀላቀሉ ትምህርት ቤቶች የጎደለው ይኸው ነው። ገሣጩ በራሱ ፊት ቆሞ ሳይሆን በመዝገቡ ፊት ቆሞ ሲናገር የወገኑ ጉዳይ ይቀላል።

ስለዚህ የውሃ ኮሚቴ ሲመረጥ ገንዘብ ያዡና ቁልፍ ያዡ ከአንድ ወገን እንዳይሆኑ ማድረግ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የሚሠራ ነው። ያልከፈለውን ሄዶ የሚያነጋግረው ሰው ያልከፈለው ወገን ቢሆን ይመረጣል፤ በሩን ያውቀዋልና። የመጀመሪያው ቅጣት ከሊቀ መንበሩ ዘመድ ቢጀምር ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው አያከራክርም። ሴቶቹን ሳያስገቡ የሚቋቋም የውሃ ኮሚቴ ማን ስንት እንስራ እንደቀዳ፣ ማን ተራ እንደዘለለ ሳያውቅ ይፈርዳል፤ ጉድጓዱ ዘንድ ተሰልፈው የሚውሉት እነርሱ ናቸውና፣ የሌላውን ወገን ጎረቤትም ከባሎቻቸው በፊት በስሟ የሚያውቋት እነርሱ ናቸው። ስዋሂሊ የሌለው ቀበሌም ማስታወቂያውን በሁለት ቋንቋ ማንበብ ይኖርበታል። ይህ ስብሰባውን በግማሽ ሰዓት ያስረዝመዋል፤ ጥላ ያለበት ዛፍ ሥር ከተደረገ ግን ሰው ሳይበተን ያዳምጣል።